ስለ እንጎቻ፦ የቡሃቃው ትራፊና የእኛ ግጥም

በአማርኛ የመጀመሪያው እንጀራ ስም አለው፤ የመጨረሻውም ስም አለው። በመሐል ያሉት ሁሉ ስም የለሽ ናቸው። ምጣዱ ሲሟሽ፣ የእሳቱ ልክ ሲፈተን ቀድሞ የሚወጣው «ማሟሻ» ይባላል። ሊጡ አልቆ፣ ከቡሃቃው ጠርዝና ግርጌ በጣት ተጠራርጎ ከተሰበሰበው ትራፊ የምትጋገረው፣ መዳፍ የምታህለው ትንሿ እንጀራ ደግሞ ባደግሁበት ቤት «እንጎቻ» ትባላለች። መሶብ የሚሞሉት፣ እንግዳ የሚቀበሉት፣ ወጥ የሚሸከሙት ትልልቆቹ እንጀራዎች ግን በቁጥር ብቻ ይታወቃሉ፤ «ዛሬ ሃያ ወጣልኝ፤ ዛሬ ሃያ አምስት» ይባልላቸዋል። ቋንቋ ስም የሚያወጣው ለሚወደው ነገር ከሆነ፣ አማርኛ ከምጣድ ከሚወርደው ሁሉ አብልጦ የወደደው ዳርና ዳሩን ነው ማለት ነው።

መተዳደሪያዬ ባንክ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ በመስኮት ውስጥ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ በእጄ ያለው ጥሬ ገንዘብ ከመዝገቡ ጋር መመሳሰል አለበት። ከሙያው ውጭ ያለ ሰው የምንፈራው ጉድለትን ብቻ ይመስለዋል። ትርፍም ያው ነው። 1 ብር ቢተርፍ እንኳ «ከየት መጣ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ስም ሳይሰጠው፣ በቦታው ሳይመዘገብ አያድርም። ትራፊ ስም እንዲኖረው የግድ መሆኑን ከደንብ የተማርሁት እዚያ ነው፤ እናቴ ግን ያለ ደንብ ቀድማኝ ታውቀው ነበር። በቡሃቃዋ ውስጥ የቀረውን ሊጥ በ2 ትከፍለዋለች። ግማሹ ለሚቀጥለው ቡኮ እርሾ ሆኖ ይቀመጣል፤ ግማሹ እንጎቻ ይሆናል። አንዱ ለነገ፣ አንዱ ለልጅ። በእኛ ሙያ አነጋገር የመጀመሪያው ከሒሳቡ ፈጽሞ የማይነካው ዝቅተኛ ተቀማጭ ሲሆን፣ ሁለተኛው ወለዱ ነው።

ይህችን ወግ የጻፍሁት ለመከራከር ነውና ክርክሬን ሳልደብቅ ላስቀምጥ። ብዙዎቹ የከተማ ቤቶቻችን እንጀራ ገዝተው መብላት ጀምረዋል፤ እንጀራ የሚገዛ ቤት እርሾ የለውም፤ እርሾ የሌለው ቤትም እንጎቻን አያውቃትም። እንጎቻ ስትጠፋ የምትጠፋው አንዲት ቁራሽ ብቻ አይደለችም፤ ትራፊን ወደ ስጦታ የመለወጥ አንድ ሙሉ ልማድ አብሯት ይሄዳል። ይህን ልማድ የማትረፍ ዕዳ ያለብን ደግሞ እኛ ወንዶቹ ነን፤ በተለይም ስለ እናት እጅ ግጥም መጻፍ የሚቀናን እኛ። «ምን ሲደረግ?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሰኝ።

በመጀመሪያ ነገሩን በነገርነቱ እንየው። እርሾ ካለፈው ሊጥ ተርፎ የሚመጣውን ሊጥ የሚያስነሣ ሕያው ነገር ነው። የጤፍ ዱቄት በውኃ ተቦክቶ እርሾ ሲጨመርበት፣ በውስጡ ያሉት ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችና ከእነርሱ ጋር የሚኖሩት ጥቃቅን ፈንገሶች ሥራ ይጀምራሉ። እነዚያ ያኮመጥጡታል፤ እነዚህ በጋዝ ይነፉታል። በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ሊጡ ወደ ታች ይረጋል፤ ቢጫማው ውኃ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ማኮምጠጡ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በእህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ፋይቲክ አሲድ ስለሚቀንሰው ሰውነታችን ከጤፉ የሚያገኘውን ጥቅም ያሰፋለታል።

ጤፍ እንደ ስንዴ ግሉተን የለውም፤ ስለዚህ ጋዙን አቅፎ የሚይዝለት ነገር ይሻል። ይህን ችግር ሴቶቻችን የፈቱት በአብሲት ነው። ከቦካው ሊጥ ጥቂት ተወስዶ በውኃ ይበጠበጥና በእሳት ላይ እየተማሰለ ይበስላል፤ ከዚያም በረድ ብሎ ወደ እናቱ ሊጥ ይመለሳል። የበሰለው ስታርች ሊጡን አያይዞ ይይዘዋል፤ ሊጡም ዳግመኛ ኩፍ ይላል። ምጣድ ላይ ሲፈስ ጋዙ ሽቅብ እየወጣ የሚተወው ቀዳዳ፣ እኛ «ዓይን» የምንለው ነው። እንጀራ የሚጋገረው በ1 በኩል ብቻ በመሆኑ ዓይኑ ወደ ሰማይ እንደተከፈተ ይበስላል። ላቦራቶሪ ሳይኖር፣ መለኪያ ሳይኖር፣ በዓይንና በአፍንጫ ብቻ የተደረሰበት ምርምር ይህ ነው። ደራሲው ግን አይታወቅም። አይታወቅም ስል ወንድ ሆኖ ስሙ በብራና ላይ አልሰፈረም ማለቴ ነው፤ ሴቶች መሆናቸውንማ ሁላችንም እናውቃለን።

ይህ ጥበብ የእኛ ብቻ እንዳልሆነም ማወቅ ደስ ይላል። ሱዳኖች ኪስራ፣ ሶማሌዎች ዓንጄሮ፣ የመኖች ላሑሕ አላቸው። ደቡብ ሕንዶች ከሩዝና ከምስር ዘመድ ከሆነ ጥራጥሬ ያቦኩትን ሊጥ በመጀመሪያው ቀን ዶሳ ይጋግሩበታል፤ ሰንብቶ ሲኮመጥጥባቸው ደግሞ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምረው፣ ወፈር አድርገው ኡታፓም ያደርጉታል። ኡታፓም የእኛ እንጎቻ የአክስት ልጅ ናት ብል የምዋሽ አይመስለኝም። በ2020 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ የዓለምን ሕዝብ ቤት በዘጋበት ጊዜም በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰው የስንዴ እርሾ ማሳደግ ጀምሮ ነበር። እርሾውን በዱቄትና በውኃ ባጠገቡት ቁጥር እየበዛ ስለሚያስቸግራቸው ከፊሉን ማውጣት የግድ ሆነባቸው፤ የወጣውን ከመድፋት በቅመምና በሽንኩርት ለውሰው በመጥበሻ ላይ ቂጣ መጋገርን ለመዱ። እነርሱ በቤታቸው ተዘግተው የደረሱበትን፣ የእኛ እናቶች በየሳምንቱ ሲያደርጉት ኖረዋል።

ወደ ቅሬታዬ ልመለስ። በ2007 እ.ኤ.አ. አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶ ነበር። ጉዳዩ በሰፊው ሲሰማ አዘንን፤ ተቆጣን፤ ጻፍን። በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት «አዲስ ፈጠራ የለበትም» ብሎ በኔዘርላንድ ውስጥ ውድቅ ሲያደርገው ደስ አለን፤ ደስታችንም የተገባ ነበር። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጤፉን ሊወስድብን የመጣ ሰው ነበር፤ እርሾውን ሊወስድብን የመጣ ማንም የለም። የእርሾውን ማድጋ አጥበን ያስቀመጥነው ራሳችን ነን። ባዕድ ሲነካብን የምንጮኽለትን፣ በገዛ እጃችን ስንደፋው ድምፅ አይሰማም።

በቤልጂየም ሳንክት ፊት በምትባል ከተማ ፑራቶስ የተባለ የዳቦ ግብዓት አምራች ኩባንያ በ2013 እ.ኤ.አ. የእርሾ ቤተ መጻሕፍት ከፍቷል። አዎን፣ ስሙ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ፣ ከ100 የሚበልጡ እርሾዎች በብርጭቆ ዕቃ ሆነው፣ በማቀዝቀዣ መደርደሪያ ላይ ተሰድረው፣ ጊዜያቸውን ጠብቀው ዱቄት እየተመገቡ ይኖራሉ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። እርሾ በእርግጥም መጽሐፍ ነው፤ ካልተነበበ ግን የሚሞት መጽሐፍ ነው። ብራና በሣጥን ተቆልፎ 500 ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ እርሾ ግን ተረስቶ ከከረመ ሻግቶ ይበላሻል። እርሾ የሚቆየው በመደጋገም ብቻ ነው። ከዚህ አንጻር ከመጽሐፍ ይልቅ ለቃል ግጥም ይቀርባል፤ የሚል ሰው እስካለ ድረስ ብቻ አለ፤ የመጨረሻው ሰው ዝም ሲል ያበቃል።

እንግዲህ ስለ ግጥም ካነሣን የልቤን ልናገር። በእኛ ሥነ ጽሑፍ እናት ከተወደሱት ሁሉ በላይ ተወድሳለች። በየመድረኩ፣ በየመጽሔቱ፣ በየግጥም ምሽቱ የእናት ጭስ፣ የእናት ዕንባ፣ የእናት የተሰነጠቀ ተረከዝ ይነሣል። አዳራሹ ያጨበጭባል፤ አንዳንዱም ያለቅሳል። ግጥሞቹ ውሸት አይደሉም። ያም ሆኖ አንድ ነገር ይጎረብጠኛል። ምስጋናው ሁልጊዜ የሚቀርበው ከማዕዱ ዙሪያ ነው፤ ከምጣዱ ዙሪያ አይደለም። ገጣሚው በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ብዕሩን አንሥቶ ጭሱን ያመሰግናል። ጭስ መመስገን የለበትም፤ ጭስ ገዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል፤ ምክንያቱም እንጨት፣ ከሰልና ኩበት የመሳሰለው የማብሰያ ጭስ ነው። እኛ የውበት ምልክት ያደረግነው ነገር የሳንባ በሽታ ነው። ሴቲቱ ከጭስ ትውጣ የሚል ግጥም ጥቂት ነው፤ ጭሷ ዕጣን ነው የሚለው ግን ሞልቷል።

ስለዚህ እንጀራ ገዝታ የምትበላውን እኅቴን «ባህል አጠፋሽ» የሚል ጽሑፍ ከእኔ አትጠብቁ። ከሥራ በኋላ በታክሲ ሰልፍ ቆማ፣ ሕፃን ከመዋያ ተቀብላ፣ አራተኛ ፎቅ ወጥታ ሊጥ ልታቦካ አይገባትም። እንጀራ የሚሸጡልንም ሴቶች ናቸው፤ እንጀራ ጋግረው ልጅ ያስተማሩ ብዙዎች ናቸው። ገዝቶ መብላት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው፣ እርሷ ከሥራው ዘወር ስትል ሥራው ባለቤት አጥቶ እንዲሞት የተስማማን መሆናችን ነው። «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅስ፣ ሞኝ ይልስ» ይላሉ አባቶች። እኛ ሦስተኛ ዓይነት ሆነናል፤ ሲናድ ቆመን ግጥም እንጽፋለን።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው፤ እንደ እንጎቻዋ ትንሽ ነው። ሃያ እንጀራ የመጋገር ጉልበት ላይኖረን ይችላል። እንጎቻ ግን ለአንድ ቤት፣ ለአንድ ማታ፣ በአንድ መጥበሻ ትበቃለች። መሶቡ በገዛነው እንጀራ ይሙላ፤ በማቀዝቀዣው ጥግ ግን አንድ ብርጭቆ እርሾ ይኑር። በሳምንት 1 ቀን ይመገብ፤ የበዛውም ቅመም ገብቶበት ይጋገር።

እርሾ ከየት ይገኛል ለሚል፣ እኔ ያገኘሁት ከታች ፎቅ ከሚኖሩ አንዲት እናት ነው። እርሾ ያለ ወለድ፣ ያለ ዋስ፣ ያለ መያዣ የሚገኝ ብቸኛ ብድር መሆኑን በሙያዬ ምዬ እመሰክራለሁ። ትንሽ ዕቃ ይዤ ሄድሁና «እማማ፣ እርሾ ቢኖርዎ» አልኋቸው።

«ለባለቤትህ ነው?» አሉኝ።

«የለም እማማ፣ ለእኔ ነው።»

ጥቂት አዩኝና ረጅም ሳቅ ሳቁ። «እንግዲያስ በርከት አድርጌ ልስጥህ፤ የወንድ እጅ እስኪለምድ አንድ ሁለቴ መድፋቱ አይቀርም» ብለው ዕቃውን ሞሉልኝ። እርሾ ከጎረቤት ባይገኝ እንኳ የጤፍ ዱቄትና ውኃ ብቻ ተቀላቅሎ፣ ተከድኖ ጥቂት ቀናት ቢቆይ በራሱ ይቦካል፤ ከእህሉ ጋር የመጡት ጥቃቅን ፍጥረታት ይበቁታል።

አሠራሩን ልናገር፤ የማይበላ ክርክር ከንቱ ነውና። ከሁሉ አስቀድማችሁ እርሾውን ለዩ። ከቦካው ሊጥ አንድ ሲኒ ያህል ምንም ሳይነካው ወደ ንጹሕ ብርጭቆ ይመለስ። ይህ ሕግ ነው፤ ምክንያቱም ጨው ማቡካቱን ያዘገያል፤ ነጭ ሽንኩርትና ቅመማ ቅመምም በእርሾው ውስጥ ያሉትን ፍጥረታት ይጎዳሉ። ተቀማጩን ሳትለዩ ወጪ አታድርጉ። ከዚያ በቀረው 2 የሻይ ብርጭቆ ሊጥ ላይ፣ በደቃቁ ተከትፎ በጥቂት ዘይት የለሰለሰ 1 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ፍሬው ወጥቶ የተከተፈ 1 ቃሪያ፣ 2 የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ በጣት ቁንጥር የሚያዝ የተፈጨ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ ጨምሩ። ሽንኩርቱ ጥሬውን ከገባ ውኃ እያወጣ ሊጡን ያቀጥነዋልና ቀድሞ ይለስልስ። ሊጡ እጅግ የኮመጠጠ ወይም የቀጠነ እንደሆነ 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ የጤፍ ወይም የሽምብራ ዱቄት ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት።

መጥበሻው በመካከለኛ እሳት ይጋል። በፍስክ ንጥር ቅቤ፣ በጾም የኑግ ዘይት ይቀባ፤ ቅባቱ ጥቂት ይሁን። 1 ጭልፋ ሊጥ ከመሐል አፍስሳችሁ መዳፍ እስክታህል አስፏት። ወዲያው አትክደኗት፤ ዓይኖቿ እስኪከፈቱ ጠብቁ፤ ከዚያ ክዳኑን ጣሉባት። ከ2 ደቂቃ በኋላ ፊቷ ሲደርቅ ገልብጧት። እንጀራ እንደማይገለበጥ አውቃለሁ፤ ይህችኛዋ ግን ሽንኩርት ስላለባትና ወፈር ስለምትል የሁለተኛ ወገን እሳት ትሻለች። ስትወርድ ዳሯ ጥርት ብሎ ይሰበራል፤ መሐሏ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ኮምጣጣውና በርበሬው፣ ኮረሪማውና ቅቤው አንዱ በሌላው ላይ ይወጣሉ። ከሻይ ጋር ብትሆን ወጥ አያስፈልጋትም።

ለእናቴ ስልክ ደውዬ «እማዬ፣ ውኃው ስንት ይሁን?» ያልኋት ጊዜ «ስንት የሚባል የለውም፣ ልጄ። ሊጡ ይነግርሃል» አለችኝ። ቁጥር ወዳድ ነኝና መልሱ አላረካኝም ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ገባኝ። ሊጥ በእርግጥ ይናገራል፤ ከጭልፋው ሲወርድ በሚያሰማው ድምፅ፣ በመጥበሻው ላይ በሚሮጥበት ፍጥነት፣ በሽታው ይናገራል። ግጥምም በጆሮ እንጂ በሜትር አይለካም ብለን የለ? ቤት የሚመታው መስመር ከሚጎረብጠው የሚለየው ቀለም በመቁጠር ብቻ አይደለም፤ አፍ ላይ ሲፈስ ነው።

ስለ ትንሽነት አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ገጽ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ገጽ ነውና። በቅኔ ቤት ተማሪው የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው። ጉባኤ ቃና 2 ቤት ብቻ ናት፤ ከቅኔዎች ሁሉ ታናሽ ናት። ነገር ግን ሊቁም ቢሆን አይንቃትም፤ በ2 ቤት ውስጥ ሙሉ ምሥጢር ማስቀመጥ ከረጅሙ ይልቅ ሊከብድ እንደሚችል ያውቃል። እንጎቻም የምጣድ ጉባኤ ቃና ናት። ጀማሪ እጁን የሚፈታባት፣ አዋቂ ፍቅሩን የሚያሳይባት ትንሽ ቅርጽ ናት። ደግሞስ ያን ተማሪ ማን አኖረው? አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ እየታገለ፣ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በለመነው ቁራሽ አይደለምን? ከየቤቱ የተረፈው እንጀራ ነው ድርቆሽ ሆኖ፣ ተማሪውን አቆይቶ፣ ቅኔውን ለእኛ ያደረሰው። የምንመካበት ሥነ ጽሑፍ በትራፊ ያደገ ነው። ያንን ቁራሽ በአኩፋዳው የጣለች እጅ ስሟ በየትኛውም የቅኔ መድበል ላይ አልተጻፈም፤ ቅኔውን ግን አብራ ደርሳዋለች።

«ይህ ሁሉ ናፍቆት ነው» የሚለኝ ይኖራል። ናፍቆት ያለፈውን እንዳለ መልሱልኝ ይላል። እኔ እንዳለ እንዲመለስ አልሻም። በድሮው ሥርዐት ውስጥ አንድ ትልቅ ግፍ ነበርና። እንጎቻ ማንን ትመገብ ነበር? ልጅን። ትልቁ እንጀራስ? አባወራንና እንግዳን። የጋገረችው ሴት የበላችው ምን ነበር? ሁሉ ከጠገበ በኋላ የተረፈውን። ከቡሃቃው የመጨረሻዋን ጠብታ ጠራርጋ ስም ያወጣችላት ሴት፣ እርሷን ትኩስ እንዳለች የበላችበት ቀን አላይም ነበር። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ሒሳብ አይዘጋም። ሁልጊዜ አስገቢ የሆነ፣ አንድ ቀን እንኳ ወጪ ያላደረገ ደንበኛ ቢኖር የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ራሱ ተነሥቶ ይጠይቅ ነበር።

ስለዚህ እንጎቻ እንድትመለስ የምሻው አቅጣጫዋን ቀይራ ነው። ከእናት ወደ ልጅ ስትሄድ የኖረችው፣ አሁን ከልጅ ወደ እናት ትሂድ። ባል ጋግሮ ለሚስቱ ይስጥ፤ ወንድም ለእኅቱ። ወንድ ልጃችንም ወንበር ላይ ቆሞ ሊጥ ሲያፈስስ ይታይ፤ ጣቱን በሊጥ ያርስ፤ እርሾውን በሳምንቱ መመገብ የእርሱ ተራ ይሁን። «ወንድ ልጅ ምጣድ ሥር» የሚል ሳቅ ቢመጣ ይምጣ፤ እኔም ተስቆብኛል፤ ሳቅ ደግሞ እርሾ አይገድልም። ግጥም መጻፍ ይቁም አላልሁም፤ እኔም አልተውም። ግን ከእንግዲህ ስለ እናት እጅ የሚጻፍ ግጥም ሁሉ ሊጥ በነካ እጅ ቢጻፍ ደስ ይለኛል። ያን ጊዜ ምናልባት ቃሉም ይለወጣል፤ ዕጣን የሚለው ይቀንስና ድካም የሚለው ይበዛል፤ ምስጋናው ያጥርና ሥራው ይረዝማል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ጎረቤታችሁን አንኳኩ፤ አንድ ሲኒ እርሾ ተበደሩ። ብድሩን የምትመልሱት ለአበዳሪው ብቻ አይደለም፤ ነገ የእናንተን በር ለሚያንኳኳው ሌላ ተበዳሪም ነው። ባንኮች ሁሉ በዚህ መንገድ ቢሠሩ ኖሮ እኔ ሥራ አጥ እሆን ነበር፤ አገር ግን ይጠግብ ነበር። ይህችን ደግሞ እንደ እንጎቻ ቁጠሩልኝ፤ ከወጉ ቡሃቃ የተረፈች ናት።

ምስጋና ብቻውን፣ ሊጥ አያቦካምና፣
ብዕሬን አስቀምጬ፣ እጄን ልታጠብና፣
ከጠርዙ ያለውን፣ ጠራርጌ በጣቴ፣
ትኩሷ እንጎቻ፣ ትድረስሽ እናቴ።

ቸር እንሰንብት።